በአዲስ መኪና ወደ ትውልድ አገር፤ ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር

(በሬዲዮ ከተሰጠው ንግግር የተወሰደ)

ሰው ከትውልድ ስፍራው ወጥቶ በከተማ ሥራ ይዞ ጥቂት ዓመታት ከቈየ በኋላ መኪና ለመግዛት ሲበቃ፣ በልቡ የሚመላለስበት የመጀመሪያው አሳብ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም መኪናውን ይዞ ወደ ተወለደበት ቤት መሄድ ነው። ይህ ምኞት የሚነቀፍ አይደለም። በልጅነት በአውቶቡስ መስኮት ያዩትን ተራራ መሪ ጨብጦ እንደገና ማየት፣ እናትን ከጐን አስቀምጦ እስከ ገበያ ማድረስ፣ ያሳደገንን ወላጅ የሚያስደስት ነገር ነው። ይሁን እንጂ ምኞቱ መልካም ስለ ሆነ ብቻ ጉዞው መልካም አይሆንም። ረጅም መንገድ አስቀድሞ ታስቦበትና ተሰልቶ የሚኬድ ነው እንጂ፣ ቁልፍ ስለ ተያዘ ብቻ የሚጀመር አይደለም።

ስለዚህ በዛሬው ንግግር አንድ ረጅም መንገድ እንደ ምሳሌ ይዘን፣ አሰናዳዱ እንዴት እንደሆነ ለማስረዳት እንሞክራለን። ምሳሌው ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር ያለው 525 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ይህን መንገድ የመረጥሁት አንደኛ እኔ ራሴ የዚያ አገር ልጅ በመሆኔ ነው፤ ሁለተኛም ይህ መንገድ ደጋውንም ቈላውንም፣ ፈጣኑንም ጠመዝማዛውንም ስለሚያሳይ፣ ወደ ሌላ አቅጣጫ ለሚሄድ ሰው ጭምር ትምህርት ይሆናል በማለት ነው። የንግግሩ ፍሬ ነገር በአጭሩ ሲነገር ይህ ነው፤ አንባቢ ሆይ፣ ይህን መንገድ በአንድ ቀን ለመጨረስ አይሞክሩ፤ በሁለት ቀን ይሂዱት፤ በሁለተኛው ቀን ለምሳ ይድረሱ።

ይህን የምለው ከሌላ ሰው ሰምቼ አይደለም። በመጀመሪያው አዲስ መኪናዬ ወደ ቤት ስሄድ፣ ጧት መነሣት ሲገባኝ ለወዳጆቼ መኪናውን ሳሳይና ምርቃት ስቀበል አረፈድሁ። ሚኤሶ አጠገብ ስደርስ ፀሐይ ጠልቃ ነበር። ከፊቴ ይመጣ የነበረ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና መብራቱን ሳይቀንስ አለፈኝ። ዓይኔ ጨለማውን እንደገና እስኪለምድ ድረስ መንገዱን አላየሁም፤ ያየሁ ጊዜ ግን በመካከሉ ግመሎች ቆመው ነበር። ፍሬን ይዤ ከፊተኛዪቱ ግመል አራት እርምጃ ያህል ሲቀረኝ ቆምሁ። እረኛውም ልጅ እጁን በራሱ ላይ ጭኖ ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ በኋላ ተራራውን በጨለማ ወጥቼ ቤት የደረስሁት ከምሽቱ 5 ሰዓት አልፎ ነው። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ፣ እህል ሳትቀምስ፣ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። መኪናውን ዘወር ብላ እንኳ አላየችውም። «ልጄ፣ መኪናው ቢቀር ምን ነበረበት? እኔ የምጠብቀው አንተን ነው» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን መንገድ በአንድ ቀን ሄጄው አላውቅም።

እንግዲህ ስሌቱን እንመልከት። የከተማውን መውጫ ጨምሮ እስከ አዳማ ያለውን 100 ኪሎ ሜትር ያህል በሁለት ሰዓት ጨረሱት እንበል። የቀረው 425 ኪሎ ሜትር የጭነት መኪና፣ የቀንድ ከብት፣ የገበያ ሰውና የተራራ ኵርባ ያለበት ነው፤ በዚህ ላይ በሰዓት በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር ከሄዱ ስምንት ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ለምሳ አንድ ሰዓት፣ በየሁለት ሰዓቱ ለሚደረገው ዕረፍት ደግሞ በጠቅላላው አንድ ሰዓት ይጨምሩ። ድምሩ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ከጧቱ 12 ሰዓት ላይ የተነሣ ሰው፣ ምንም እንከን ሳይገጥመው የሚደርሰው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው ማለት ነው። ሐረር ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ ስለ ሆነች ፀሐይ እዚያ ሩብ ሰዓት ያህል ቀድማ ትጠልቃለች። እንግዲያስ አንድ ጎማ ቢፈነዳ፣ ወይም አንድ የጭነት መኪና መንገድ ቢዘጋ፣ የመጨረሻውና ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪው ክፍል በጨለማ ላይ ይወድቃል። የአንድ ቀን ዕቅድ ስሕተቱ ለእንከን የሚሆን ጊዜ የሌለው መሆኑ ነው።

በሁለት ቀን ሲከፈል ግን ነገሩ ይለወጣል። በመጀመሪያው ቀን 325 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ፣ ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ይባል በነበረው በጭሮ ያድራል። በሁለተኛው ቀን የሚቀረው 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እርሱም የጨርጨር ተራራ ስለ ሆነ፣ የጧት ብርሃን ሲያርፍበት እጅግ ያማረ ነው። ሰውየውም በምሳ ሰዓት ቤቱ ይገባል።

አሁን ወደ መኪናው እንመለስ። አዲስ መኪና ከአሮጌ መኪና ይልቅ የሚታመን ይመስላል። ነገር ግን አዲስ መኪና ገና ያልተፈተነ መኪና ነው፤ ባለቤቱም ገና አልለመደውም። የፍሬኑን አያያዝ፣ የስፖኪዮውን እይታ፣ የመብራቱን ማብሪያ በጨርጨር ቁልቁለት ላይ መማር አይገባም። አዲስ ጎማ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች እንደ ቈየው ጎማ መንገዱን አጥብቆ አይዝም፤ የፍሬን ሸራም ከሚገጥምበት ብረት ጋር እስኪስማማ ድረስ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ከጉዞው በፊት በከተማና በከተማ ዙሪያ ቢያንስ 1,000 ኪሎ ሜትር ይንዱት። ከዚያም በኋላ የጎማዎቹ ብሎኖች ጠብቀው እንደ ሆነ፣ የጎማውም ነፋስ በፋብሪካው ትእዛዝ ልክ እንደ ሆነ ያስመርምሩ። የነፋስ ልክ የሚታየው ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው። በአዋሽ ሙቀት ላይ የነፋሱ ልክ ከፍ ብሎ ቢያገኙት አያስተንፍሱት፤ ጎማው በቀዘቀዘ ጊዜ ከልክ በታች ይሆናልና።

ሌላም ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ከዛሬዎቹ አዲስ መኪናዎች ብዙዎቹ ትርፍ ጎማ የላቸውም። በትርፍ ጎማው ፈንታ ትንሽ የነፋስ መሙያና ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ብቻ ይሰጣል። ይህ ፈሳሽ ምስማር የወጋውን ትንሽ ቀዳዳ ይደፍናል፤ ድንጋይ የቀደደውን የጎማ ጐን ግን ሊደፍን አይችልም። ስለዚህ የመኪናውን የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ ዛሬውኑ ከፍተው ይመልከቱ። ትርፍ ጎማ ከሌለ ልኩን አስለክተው ይግዙ፤ ክሪኩና የብሎን መፍቻው አብረው ይኑሩ። ከዚያም በቤትዎ ደጅ፣ በፀሐይ ብርሃን፣ አንድ ጊዜ በገዛ እጅዎ ጎማ ፈትተው ይግጠሙ። ይህን በቤቱ ያልተለማመደ ሰው በመንገድ ዳር ሲማረው ብዙ ይቸገራል።

ወረቀትም እንደዚሁ ነው። መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ የዓመቱ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ማስረጃ በአንድ ቦርሳ ይሁኑ። አንጸባራቂ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት፣ የእሳት ማጥፊያና የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን በመኪናው ውስጥ ይኑሩ። ገንዘብ በስልክ መክፈል የተለመደ ቢሆንም፣ በተራራው ላይ የስልክ መሥመር የሚጠፋበት ቦታ ስላለ፣ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ መያዝ ይገባል።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ ስለ ወሰነ፣ ከዚያ ወዲህ አዲስ መኪና የገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ የገዛው በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ነው። ይህ መኪና ለከተማ እጅግ ምቹ ነው። ለሐረር መንገድ ግን ጥንቃቄ ያለው ስሌት ይጠይቃል።

የባትሪ መጠን የሚለካው በኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ይህም ለነዳጅ መኪና እንደ ሊትር መሆኑ ነው። መኪናዎ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ አለው እንበል። በ100 ኪሎ ሜትር 18 ያህል ቢፈጅ፣ ለ525 ኪሎ ሜትር 95 ገደማ ያስፈልጋል። በዚህ ላይ ዳገቱ አለ። ከነሰውና ከነዕቃው ሁለት ሺህ ኪሎ የሚመዝን መኪና አንድ ሺህ ሜትር ሽቅብ ሲወጣ፣ ለከፍታው ብቻ ስድስት ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ዞሮ ከዚህ ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ሁሉን ግን አይመልስም። እንግዲህ ጠቅላላውን 100 ብለን እንያዘው። 60ው ከቤት የተያዘ ነው፤ 40 ይጐድላል። ለእንከን የሚሆን 15 መጠባበቂያ ሲጨመርበት፣ በመንገድ ላይ መሞላት ያለበት 55 ይሆናል።

ይህ 55 ከየት ይመጣል? በማደሪያ ቤት ከተራ ሶኬት ላይ ቢሰኩት፣ በሰዓት የሚገባው ሁለት ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው፤ በአሥር ሰዓት ሌሊት 20 ማለት ነው። የቀረው 35 በመጀመሪያው ቀን፣ ዳገቱ ሳይጀመር፣ ኃይሉ ብርቱ ከሆነ የባትሪ መሙያ መገኘት አለበት። ስለዚህ ከመነሣትዎ በፊት ሁለት ነገር በስልክ ጠይቀው ያረጋግጡ። አንደኛው፣ እስከ አዋሽ ባለው መንገድ የሚሠራ ብርቱ መሙያ የት እንዳለ ነው፤ «አለ» ማለት ብቻ ሳይሆን፣ በዚያ ሳምንት ሲሠራ ያየው ሰው ይንገርዎ። ሁለተኛው፣ በጭሮ የሚያድሩበት ቤት መኪና ለመሰካት ይፈቅድ እንደ ሆነ፣ የምድር ሽቦ ያለው ሶኬትም ያለው እንደ ሆነ ነው። የኤክስቴንሽን ገመድ ይዘው ይሄዱ እንደ ሆነ ወፍራሙን ይያዙ፤ ቀጭኑ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ሊግልና ሊቃጠል ይችላል።

ይህ ሁሉ ካልተረጋገጠ ግን ምክሬ ግልጽ ነው፤ በዚህ ጊዜ መኪናውን በቤት ትተው በአውቶቡስ ይሂዱ። ያለ መኪና በጊዜ የደረሰ ልጅ፣ ባትሪው አልቆበት በመንገድ ዳር ካደረ ልጅ ይሻላል። ባለ ነዳጅ መኪና ያለው ሰውም ቢሆን ነዳጅ በየከተማው ሁልጊዜ ይገኛል ብሎ መተማመን የለበትም፤ ግማሽ በሆነ ጊዜ መሙላትን ልማድ ያድርግ።

አሁን ጉዞው ይጀመር። ከመነሣትዎ በፊት ባለው ምሽት ለቤተ ዘመድ፣ ወይም በዚያ መንገድ ለሚመላለስ ሾፌር ደውለው «መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ይህ ጥያቄ የአባቶቻችን የጉዞ ልማድ ነው፤ ዛሬም አልተሻረም። ጸጥታው፣ ዝናሙና የመንገድ ሥራው ከሳምንት እስከ ሳምንት ይለዋወጣል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር በተደጋጋሚ ተንቀጥቅጣ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው መነሣቱን እናስታውሳለን። እንዲህ ባለው ጊዜ መንገዱን የሚያውቀው እዚያው የሚኖር ሰው ነው።

ጧት ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ እስከ አዳማ የሚወስደው የክፍያ ፈጣን መንገድ ሰፊና ለስላሳ ነው። ለአዲስ መኪና ባለቤት ትልቁ ፈተና እዚህ ላይ ይመጣል፤ መኪናው ያለ ድምፅ ይሮጣልና ፍጥነቱ አይታወቅም። ሆኖም ነፋስ መኪናን የሚገፋበት ኃይል በፍጥነቱ ልክ ብቻ የሚጨምር አይደለም። በሰዓት 120 የሚሄድ መኪና 90 ከሚሄደው ይልቅ አንድ ከሦስት አራተኛ እጥፍ ያህል የነፋስ ግፊት ይገጥመዋል፤ ባትሪውም ይበልጥ ይጐዳል። ለመቆም የሚፈጀውም ርቀት እንዲሁ ይረዝማል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የፍሬኑ ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል።

ከአዳማ በኋላ ከጅቡቲ ወደብ የሚመላለሱት ረጃጅም የጭነት መኪናዎች ይበዛሉ። ከኋላቸው ተጠግቶ መሄድ አይገባም፤ ተጠግቶ የሚሄድ ሰው ከፊት ያለውን ስለማያይ፣ ለመቅደም በወጣ ጊዜ የሚገጥመውን አያውቅም። ወደ ኋላ ራቅ ብሎ፣ መንገዱን በሩቁ አይቶ፣ ጥርጥር ካለ መተው ነው። በመተሐራ አጠገብ የበሰቃን ሐይቅ ያያሉ። ይህ ሐይቅ ከስድሳ ዓመት በፊት ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ ዛሬ ከአርባ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። እያደገ በመሄዱም ቀድሞ የነበረውን የመኪናና የባቡር መንገድ ስለ ደረሰበት፣ መንገዱን ከፍ አድርጎ መሥራት ግድ ሆነ። ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በሰማያዊው ውሃ ዳር ተኝቶ ሲታይ ያስደንቃል፤ ግን ለማየት የሚፈልግ ሰው መኪናውን ከአስፋልቱ ፈጽሞ አውጥቶ ያቁም።

ወዲያው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ይጀምራል። መንገዱ የሚያልፈው በፓርኩ መካከል ነው። በስተ ሰሜን የፈንታሌ ተራራ ይቆማል፤ በስተ ደቡብ ረጃጅም ቀንድ ያላቸው ሳላዎች የሚሰማሩበት የኢላላ ሳላ ሜዳ ይዘረጋል። ጊዜ ያለው ሰው በበሩ ከፍሎ ገብቶ የአዋሽን ፏፏቴ ቢመለከት አይቈጨውም። የአዋሽ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,000 ሜትር የምትጠጋ ናት፤ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እንግዲህ ከጧት ጀምሮ ከ1,300 ሜትር በላይ ወርደዋል ማለት ነው። ሙቀቱ ያደክማል፤ ስለዚህ ምሳው ቀላል ይሁን፤ ውሃ ይጠጡ፤ ባትሪውም በዚሁ ይሞላ። እርስዎ ሩብ ሰዓት ዓይንዎን ጨፍነው ቢያርፉ ደግሞ ከማንኛውም ቡና ይሻላል።

ስለ አዋሽ ስንናገር ባቡሩን ሳናነሣ አናልፍም። የጅቡቲው የምድር ባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ የመጀመሪያው አሳብ ሐረር እንዲገባ ነበር። ነገር ግን የሐረር ተራራ ለባቡር እጅግ ከባድና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ሐዲዱ በተራራው ግርጌ በቈላው እንዲያልፍ ተደረገ። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ በደረሰበት ስፍራ ድሬ ዳዋ ተቈረቈረች፤ ባቡሩም አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ መሐንዲሶች አስበው የሸሹትን ተራራ ነው እርስዎ በአዲስ መኪና ሊወጡት የተነሡት። መኪና ከባቡር ይልቅ ዳገት መውጣት ይችላል፤ ነገር ግን ተራራው ያው ተራራ ነው።

ከአዋሽ ወዲያ ጥቂት እንደ ተሄደ አብዛኞቹ የጅቡቲ ጭነት መኪናዎች ወደ ሰሜን ይታጠፋሉ፤ የሐረሩ መንገድ ወደ ምሥራቅ ይቀጥላል። እስከ ሚኤሶ ያለው ሜዳማ አገር የአርብቶ አደሮች ምድር ነው። ግመልና ፍየል መንገዱን ያቋርጣሉ። የመጀመሪያዋ ግመል ካለፈች በኋላ «አለቀ» ብለው አይነሡ፤ ግልገሉ ከኋላ ይከተላልና። ጥሩምባ ማብዛትም ከብቱን ያስደነግጣል እንጂ አያፋጥነውም። ከብቱ የአንድ ቤተ ሰብ ሀብት መሆኑን የሚያስብ ሾፌር መቆምን አይጠላም። የአሰቦት ተራራም ከነጥንታዊው ገዳሙ ይታያል። ከሚኤሶ በኋላ መንገዱ መውጣት ይጀምራል፤ አየሩም ይቀዘቅዛል። 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለችው ጭሮ ፀሐይ ሳትጠልቅ ትገኛለች። እዚያ ሲደርሱ ለቤት ይደውሉ። «ዛሬ አልመጣም፤ ጭሮ አድሬ ነገ ለምሳ እደርሳለሁ፤ ሌሊቱን አትጠብቁኝ» ማለት አንድ ደቂቃ ይፈጃል፤ ወላጆችዎ ግን እንቅልፍ የሚተኙት በዚያች አንድ ደቂቃ ነው።

በሁለተኛው ቀን የጧት ጭጋግ እስኪገፈፍ ድረስ አይቸኵሉ። ከጭሮ በኋላ መንገዱ በተራራ ጫንቃ ላይ እየተጠማዘዘ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። በግራ በኩል በሩቁ የአዋሽ ቈላ እስከ ሰማይ ጥግ ይታያል፤ በቀኝ በኩል በእርከን የተሠራው የማሽላ፣ የጫትና የቡና እርሻ ይወርዳል። ዝናም ካቆመበት ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለው ወራት ከሁሉ ያምራል። ሆኖም ይህን የሚያይ ተሳፋሪው ነው፤ ሾፌሩ ማየት ሲፈልግ ይቁም። በኵርባ ላይ ግን ፈጽሞ አይቆምም። ጫት የጫኑ መኪናዎች፣ ጫቱ ሳይጠወልግ ገበያ ለማድረስ ሲሉ፣ በከፍተኛ ፍጥነት ስለሚሮጡ፣ ከኋላ ሲመጡ መንገድ መልቀቅ እንጂ መፎካከር አይገባም።

በሒርና በኩል አልፈው ቁሉቢ ይደርሳሉ። የቁሉቢ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ከአድዋ ድል በኋላ በራስ መኰንን የተሠራ ነው። ታኅሣሥ 19 ቀንና ሐምሌ 19 ቀን ከየአገሩ ብዙ ሺህ ሕዝብ ስለሚመጣ፣ በእነዚያ ሰሞን መንገዱ በመኪናና በእግረኛ ይጨናነቃል፤ ማደሪያም ይጠፋል። ለንግሥ የማይሄድ ሰው ሌላ ሳምንት ይምረጥ።

ከቁሉቢ ወዲያ በደንገጎ መንገዱ ይከፈላል። በግራ የሚታጠፈው ወደ ድሬ ዳዋ በአጭር ርቀት ስምንት መቶ ሜትር ያህል ይወርዳል። በዚህ ዓይነት ቁልቁለት ፍሬን ሳያቋርጡ መርገጥ ሸራውን ያግለዋል፤ የጋለም ሸራ መያዝ ያቆማል። ባለ ነዳጅ መኪና በዝቅተኛ ማርሽ ይወርዳል፤ ባለ ኤሌክትሪኩም ሞተሩ እንዲይዘው ተደርጎ ይወርዳል። ነገር ግን ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚገባውን ኃይል መቀበል ስለማይችል፣ ሞተሩ የሚይዘው ጥቂት ነው። ስለዚህ ከቁልቁለት በላይ ባትሪን ጢም አድርጎ መሙላት ጥቅም የለውም።

ሐረር የሚገባው ሰው ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ቀድሞ ዓለማያ ይባል በነበረው በሐረማያ፣ ደርቆ የነበረው ሐይቅ እንደገና ውሃ መያዝ መጀመሩን ሲያይ ደስ ይለዋል። ከአወዳይ ገበያ በኋላ ሐረር ትገለጣለች። በ16ኛው ምዕተ ዓመት በአሚር ኑር የተሠራው የጀጎል ግንብ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በውስጡ ያሉት መንገዶች ለሰውና ለአህያ የተሠሩ ስለ ሆኑ፣ መኪናዎን ከበሩ ውጭ አቁመው በእግርዎ ይግቡ። አዲስ መኪና በጠባብ መንገድ ከግንብ ጋር ሲተሻሽ ማየት ለባለቤቱም ለግንቡም አይበጅም።

እንግዲህ ከሁለት ቀን ጉዞ በኋላ በምሳ ሰዓት ከቤትዎ ደጅ ደርሰዋል። ልብስዎ አልቆሸሸም፤ ዓይንዎ በእንቅልፍ አልተከደነም፤ ልብዎም አልደነገጠም። እናትዎ ምሳ ሠርታ ትጠብቃለች፤ ጐረቤትም መኪናውን ሊያይ ይወጣል። ከምሳ በኋላ ገና ብርሃን ስላለ፣ እናትዎን ከጐን አስቀምጠው እስከ ገበያ ማድረስ ይችላሉ። ከአዲስ አበባ ሲነሡ የተመኙት ይህን ነበርና፣ አንድ ሌሊት በጭሮ ማደር ለዚህ ብዙ ዋጋ አይደለም። በደኅና ይግቡ።